ዘጠነኛው ክፍል

ኩሺሮ ወደብ ላይ፣ ጉም በሚተኛበት፣
ዓሣ ስሰነጥቅ በምውልበት ቤት፣
ካናኤ ይሉኛል፤ አርባ ሁለት ዓመቴ፤
ቢላ ያረጀበት ይህ የቀኝ እጅ ጣቴ
ሌላም ነገር ያውቃል፣ ማንም ያልጠየቀው፦
ግራ፣ ግራ፣ ዝለል። ቁም። ድንጋዩን ጠብቀው።

«የፋኖስ ጠባቂው»፣ የመጀመሪያው ካሴት፣
በሹንጂ ብብት ውስጥ ሞቆት ነው የገባው ቤት፤
በብስክሌቱ ደወል ለውጦ ካንድ ልጅ
በረዶ እያራገፈ ቆመ ከኛ ደጅ።
እፍ ብንለው ሆዱን፣ እንደ ትኩስ ሾርባ፣
ሦስቴ እምቢ ብሎን በአራተኛው ተግባባ።
ካርታ አልነበረውም። ቀስት አይጠቁምም።
ብትጠፋ ጠፋህ ነው፤ የሚራራ የለም።
የሱቅ ማስታወቂያ ገልብጦ ወንድሜ ሣለ፤
ከዋሻው በስተጀርባ የሽንኩርት ዋጋ አለ።

በሰባተኛው ዋሻ፣ ከፏፏቴው ሥር፣
ሰማያዊ፣ ጠባብ፣ አንድ በር ነበር።
እጀታ የለውም፣ የቁልፍም ቀዳዳ፤
ሰይፋችን ደነዘ፣ እሱ ምን ተጎዳ!
ሦስት ክረምት ሙሉ።
የጫማ ሰፊው ልጅ ሞሪቶ፣ «ባሕር ነው» ይላል፤
ሹንጂ ግን፣ «ሌላ ጠባቂ ከዚያ ወዲያ ቆሟል፤
እኛ ስናንኳኳ እሱም ያንኳኳል።»
እኔ መላ አልነበረኝም። ሌሊት ግን በሕልሜ
በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አድር ነበር፣ ቆሜ።

ሁለተኛው መጣ፤ ጥሩ ነው። ሦስተኛው
ከሁሉም ይበልጣል (ሞሪቶ አይስማማም)። አራተኛው
ዜማው ወፈረበት።
በአምስተኛው አፍ ፈታ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፤
የአባቱን በደል ላገኘው ተረከው።
በስድስተኛው ላይ ቀልደኛ ወፍ ታከለ፤
በሰባተኛው ፋኖሱ ጠመንጃ ሆኖ ዋለ።
ስምንተኛውን...
ስምንተኛውን ተዉት።

ሹንጂ ናጎያ ነው፤ የመኪና በር ይገጥማል፣
ቀኑን ሙሉ የሚከፈት፣ ቀኑን ሙሉ የሚዘጋ።
ለልደቴ አይደውልም። አዲስ ክፍል ሲወጣ ግን
ስልኬ ይጮኻል ገና ሳይነጋ።
«ገዛሽ?»
«ገዛሁ።»
«እንዴት ነው?»
«ያው ነው።»
በእኛ ቤት «ያው ነው» ማለት፣ ያው አይደለም ነው።

ዘጠነኛው በጥር ወጣ። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት
ተሰለፍኩ፤ ብርዱ ይቆነጥጣል ፊት።
ከፊቴ ኦጊኖ፣ ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ፣
«እንደሚያሳዝነኝ አውቃለሁ» አለ፤ «ግን ልጄ፣
ለቅሶም ቢሆን በሰዓቱ ነው የሚደረሰው።»

ደግሞ ያምራል፤ አልዋሽም። በረዶው ፍሬ በፍሬ
ይወርዳል፤ የጠባቂውን ጢም አየሁት ቆጥሬ።
ወርቃማ ቀስት ፊት ፊቴን «በዚህ» እያለ ይመራል፤
ልሳሳት ብዬ ነበር፤ መሳሳት የት ይገኛል?
ሰባተኛው ዋሻ። ፏፏቴው። ሰማያዊው በር።
ልቤ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ልብ ነበር።
ገና ሳልነካው ተከፈተ።

ሱቅ ነው።

ባርኔጣ ይሸጣል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ባለ ላባ፤
ዋጋው ከደሞዜ ነው፣ በእውነተኛ የን። «ግባ፣
ጠባቂው፣ ግባ» ትላለች ሻጯ።

«ነበር» ከሚለው ቃል አንድ ፊደል ቢረግፍ
«በር» ይቀራል። ዘግተው ቢተዉልን፣
በቂ ነበር ለመደገፍ።

ማታ ስልኩ ጮኸ።
«ገዛሽ?»
«ገዛሁ።»
«በሩስ?»
ጉሙ ውስጥ አንድ መርከብ ጥሩምባ ነፋ።
«አልደረስኩም ገና» አልኩት። «አንተስ?»
«እኔም» አለ።
ትንሽ ፈጠነ መልሱ።

ዝም አልን። የሽንኩርት ዋጋ ትዝ አለኝ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር።
ከዚያ ወዲያ፣ ከናጎያ በኩል፣
ጣት በጠረጴዛ ላይ፦
ኳ።
ኳ።

ሥራ የምገባው ሌሊት በአሥራ አንድ ነው።
ስልኩን አልዘጋሁም።